ሳንሱሩ ሄደ፣ ፕሮፎርማው መጣ!

"ሳንሱር ቀርቷል!" ይሉናል። ደግ! እኛም ቀርቷል ብለን እንነሳ። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34፣ ጽሑፍን ከመታተሙ በፊት እየገለጠ፣ እየሰረዘ፣ ማኅተም እየመታ ይመልስ የነበረውን መሥሪያ ቤት ከጫንቃችን ላይ አወረደው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከለከለ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ይኼ ነው።

እኔ ደግሞ ዱከም የምኖር መምህር ነኝ፤ ግጥም እጽፋለሁ። በ2017 ዓ.ም. አንዲት የግጥም መድበል በገዛ ገንዘቤ አሳትሜ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሳንሱሩ አልሞተም፤ ልብስ ነው የቀየረው። ድሮ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ካልኩሌተር ይዞ መጥቷል። ድሮ "ይህ ስንኝ መንግሥትን ይነካል" ይል ነበር፤ ዛሬ "ይህ ስንኝ አይሸጥም"፣ "ይህ ስንኝ ስፖንሰር ያሸሻል" ይላል። ውጤቱ ያው ነው፤ ስንኙ ይወጣል! ልዩነቱ የድሮው ቢሮ ነበረው፣ ቁጥር ነበረው፣ በር ነበረው። የዛሬው ግን በር የለውም። ማን ዘንድ ሄደህ አቤት ትላለህ? ለገበያ ይግባኝ አይባልም!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አቤ ጉበኛ "አልወለድም"ን በ1955 ዓ.ም. ሲያወጣ የደረሰበትን ያልሰማ የመጽሐፍ ወዳጅ አይኖርም። መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ከየሱቁ ተለቀመ። አቤ የመንግሥት ሥራ ጥሎ "በብዕሬ አድራለሁ" ያለ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ከዕብደት የሚቆጠር ነው። በዓሉ ግርማስ? "ኦሮማይ"ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የመንግሥቱ ድርጅት ኩራዝ ነበር። መንግሥት ያሳተመውን መንግሥት መልሶ ለቀመው! በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ እኛ ዱከሞች በአሮጌው መንገድ አዲስ አበባ በገባን ቁጥር በምናልፍበት በዚያው ሰፈር። ሳልፍ ሁሌም ትዝ ይለኛል።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ብልሃት ተፈጠረ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለጋዜጣ አሳታሚዎች ባቀረበው "መደበኛ ውል" ውስጥ፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ የገመተውን ጽሑፍ "አላትምም" የማለት መብት ለአታሚው የሚሰጥ አንቀጽ ገባ። አሳታሚዎች ጮኹ። ለምን እንደጮኹ ግልጽ ነው፤ ሳንሱር ከመሥሪያ ቤት ወደ ማተሚያ ቤት ተዛወረ ማለት ነው። ከማተሚያ ክፍሉ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ለመዛወር ደግሞ አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው የቀረው። ወረደ! አሁን እዚያ ነው ያለው፤ ሒሳብ ክፍል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሒሳብ ሳይዝ የሚጮህ ሰው አይታመንምና።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ረቂቄን በፍላሽ ይዤ ሦስት ማተሚያ ቤቶች ዞርኩ። 96 ገጽ፣ 1,000 ቅጂ፣ ባለ ቀለም ሽፋን። ከሦስቱ ርካሹ 92,000 ብር የሚል ፕሮፎርማ ሰጠኝ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለ15 ቀን ብቻ ነው" ይላል። ልብ በሉ! የመምህር ደሞዝ ይዞ 92,000 ብር በ15 ቀን የሚያመጣ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ግጥም መጻፉን ትቶ ገንዘብ ሚኒስቴር ይግባ። እኔ ዕቁቤን እየጠበቅሁ ሳለ ሐምሌ 22 ቀን ደረሰ። የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዕቁቡ ደርሶኝ ጥቅምት ላይ ስመለስ ያው ማተሚያ ቤት፣ ያው 96 ገጽ፣ 138,000 ብር!

"ለመሆኑ የእኔ ግጥም ከዶላር ጋር ምን አገናኘው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ሳቀብኝ። "መምህር፣ ግጥሙ የእርስዎ ነው፤ ወረቀቱ ግን የእርስዎ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ወረቀቱ በመርከብ ይመጣል፤ ቀለሙም፣ ፕሌቱም እንዲሁ። ከአዳማ ፈንጠር ብሎ ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሱም ቢሆን ፐልፑን ከውጭ እያስመጣ የኖረ ነው። በ1985 ዓ.ም. መስከረም አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ሲዘልም ይኸው ሆኖ ነበር። የፕሬስ አዋጁ የወጣው በማግሥቱ ወር ነው። በአንድ እጅ "ጻፉ" ተባልን፣ በሌላው እጅ ወረቀቱ ራቀብን። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል!

የሕትመቱ 138,000 ብር ብቻውን አይደለም። ለአርታዒ 10,000 ብር ከፈልኩ። ለገጽ ቅንብር 5,000፣ ለሽፋን ሥዕል 6,000። ድምሩ 159,000 ብር። አንዱ ቅጂ 159 ብር አስወጣኝ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ገንዘብ ከአንድ ዓመት ተኩል ደሞዜ ይበልጥ ነበር። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ "ቤት ልትሠራ ነው?" አለችኝ። "አይ፣ ቤት ልመታ ነው" አልኳት። የግጥም ሰው ታውቃለች፤ ቤት መምታት ምን እንደሆነ ገብቷት ዝም አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዱከም የፋብሪካ ከተማ ናት። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እኛው ጋ ነው ያለው፤ የቻይናው ሁዋጂየን የጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው እዚሁ ነው። ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን ከቀረጥ ነጻ እንዲያስገባ፣ ለዓመታት የገቢ ግብር እንዳይከፍል ሕግ ይፈቅድለታል። እሰየው! ልጆቻችን ሥራ ይያዙ፣ አገር ዶላር ታግኝ። ነገር ግን ጥያቄ አለኝ፤ ለእግር ጫማ ይህን ያህል የታሰበ፣ ከአንገት በላይ ላለው ምን ታሰበ? ጫማ የሚሠራ የዕፎይታ ጊዜ ሲሰጠው፣ መጽሐፍ የሚያሳትም የሚሰጠው 15 ቀን ነው! እሱም ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ።

መጽሐፉ ታተመ እንበል። ታትሞስ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ወደ አንድ አከፋፋይ ዘንድ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ሽፋኑን አየ፤ አልገለጠውም። "ግጥም ነው?" አለኝ። "አዎ።" "ወንድሜ፣ ግጥም አይሄድም።" ቀጥሎ የነገረኝ ውሉን ነው። በአደራ ይቀበለኛል፣ ከሽፋን ዋጋው 40 በመቶ ለሱ፣ ሒሳብ ከሦስት ወር በኋላ። የሽፋን ዋጋዬ 250 ብር ነው። 40 በመቶ ሲነሳ ለኔ የሚቀረው 150 ብር። መጽሐፉ ያስወጣኝ ግን 159 ብር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ መጽሐፍ በተሸጠ ቁጥር 9 ብር እከስራለሁ! ሺውም ቢሸጥ 9,000 ብር ዕዳ! ያልተሸጠ ደራሲ ያለቅሳል ሲባል እንሰማ ነበር፤ ስለተሸጠለት የሚያለቅስ ደራሲ ያየነው በኛ ዘመን ነው።

"ዋጋውን ጨምረው" ይሉኛል። 300 ባደርገው 180 ይደርሰኛል፤ 21 ብር አተርፋለሁ። ግን ማን ይገዛዋል? እኔ የማስተምረው ልጅ 250 ብር ሲሰማ ነው መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ የሚመልሰው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ጥሬ ሥጋ ሊበላ ዱከም የሚወርደው ሰውዬስ? እሱ ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ዋጋ የኔን መጽሐፍ ከአራት በላይ ይገዛል። አዟሪ መጽሐፍ ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ሲቆም ግን "ኧረ በናትህ፣ ውድ ነው!" ይለዋል። በሥጋ አልቀናሁም፤ እኔም ስገኝ እቆርጣለሁ። ግን "ውድ" የሚባለው ቃል ለምን መጽሐፍ ፊት ብቻ እንደሚነሳ ይገርመኛል።

"ግጥም አይሄድም" የምትባለውን ተረት ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። ውሸት ናት! በዚህ አገር ያለ ግጥም ምን ይሄዳል? ሠርጉ ያለ ግጥም አይሞቅ፣ ለቅሶው ያለ ሙሾ አይደምቅ፣ ቀረርቶው፣ ሽለላው፣ የእረኛው እንጉርጉሮ፣ ሁሉም ግጥም ነው። የቀበሌ ስብሰባ እንኳ "አሁን ደግሞ ወጣቱ ገጣሚ..." ሳይባል አይከፈትም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ በየወሩ "ግጥም በጃዝ" ሲዘጋጅ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ መቀመጫ አጥቶ፣ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። እንግዲህ ግጥም ይሄዳል፤ እንዲያውም ይሮጣል። የማይሄደው የገጣሚው ሒሳብ ነው! ገጣሚ ይጋበዛል፣ ይጨበጨብለታል፣ ምሳ ይበላል፣ ወደ ቤቱ። ሙዚቀኛው ይከፈለዋል፤ ድምፅ ማጉያ ያከራየው ይከፈለዋል፤ ወንበር የደረደረው ይከፈለዋል። ገጣሚው ግን "ተሰጥኦ" ነው ያለው። ተሰጥኦ ያለው ሰው አይርበው ይሆን?

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልምጣ።

ገንዘቡን ስፈልግ ሁለት ሰዎች ሊረዱኝ ፈቀዱ። አንደኛው ባለሀብት ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ክፉ ነው አልልም። ረቂቁን አስነበብኩት። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና "መምህር፣ ሙሉውን 138,000 ብር እኔ እችላለሁ። ሁለት ነገር ብቻ" አለኝ። አንዱ ፎቶግራፉ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ ነው። ይህስ ይሁን፤ ፎቶግራፍ አይነበብም። ሁለተኛው ግን አንዲት ግጥም እንድትወጣ ነው።

ግጥሟ ስለ አንድ ሽማግሌ ናት። ኦቦ ይባላሉ እንጂ ስም የላቸውም፤ ፋብሪካውም ስም የለውም። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ታጠረ። ካሳቸውን ተቀበሉ፤ ካሳው አለቀ። አሁን በዚያው በታጠረው ግቢ በር ላይ ዩኒፎርም ለብሰው ዘበኛ ሆነዋል። አንድ ቀን የግቢውን መታወቂያ ቤታቸው ረስተው ይመጣሉ። የራሳቸው አውድማ በነበረው መሬት ላይ ቆመው "መታወቂያ?" ተብለው ይጠየቃሉ። ይኸው ነው ግጥሙ። ስድብ የለበትም፤ ጩኸት የለበትም። ሽማግሌው እንኳ አያለቅሱም፤ ቀና ብለው የረርን ያያሉ፣ ያበቃል።

ባለሀብቱ "ይቺ ነገር ታስከፋለች" አለኝ። "ማንን?" አልኩት። "ሁሉንም" አለኝ። እንግዲህ "ሁሉም" የሚባለው ማን እንደሆነ ዱከም የኖረ ያውቀዋል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን የሚለቅ ገበሬ ይሰላለት የነበረው ካሳ፣ የአምስት ዓመት ምርቱ አማካይ ወጥቶ በዐሥር ሲባዛ የሚመጣው ገንዘብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ዐሥሩን ወደ ዐሥራ አምስት አሳደገው። ዐሥር ዓመትም ዐሥራ አምስት ዓመትም ያልቃል፤ መሬት ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የሚኖር ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ማስተር ፕላን ሳቢያ ስንት ደም እንደፈሰሰ፣ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ እንደተባለ እናስታውሳለን። ስለዚህ መሬት ነገር ናት። ነገር ስለሆነች ነው ግጥም የተጻፈላት! ስለ ጨረቃ ብቻ እንድንጽፍ ከሆነ የሚፈለገው፣ ጨረቃም ነገ በሊዝ ስትሸጥ ምን ልንል ነው?

ሁለተኛው ረጂ ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። "100 ቅጂ እንገዛሃለን" አለኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጠለና "ግን ሚዛናዊ እንዲሆን ስለ ልማቱም አንድ ግጥም ጨምርበት" አለኝ። ሚዛናዊ ግጥም! ቅቤ ነው እንዴ ሚዛን ላይ የሚወጣው? ዜና ሚዛናዊ ይሁን፤ ፍርድ ሚዛናዊ ይሁን። ግጥም ግን ያየውን ያየ ሰው ድምፅ ነው። ደስታም ካየሁ እጽፈዋለሁ፤ ማታ ማታ ከፈረቃ የሚወጡት ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየሳቁ ሲሄዱ የጻፍኳት ግጥም መድበሏ ውስጥ አለች። እሷን ግን ማንም አላዘዘኝም።

ሁለቱንም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተሰናበትኩ። 138,000 ብር እና 100 ቅጂ ጥዬ ወጣሁ ማለት ነው። ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። አንባቢ አንድ ነገር እንዲረዳልኝ ነው፤ እኔን ማንም አላሰረኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም ቀይ እስክሪብቶ አላነሳብኝም። ሁለት ፈገግ ያሉ ሰዎች፣ ሁለት ስኒ ቡና፣ በጎ ፈቃድ! ሳንሱር እንዲህ ጨዋ ሆኖ ሲመጣ ስንቱ ገጣሚ ይመልሰዋል? ዕቁብ የሌለው ምን ያደርጋል? ቤት ኪራይ ያለበት? የታመመ ልጅ ያለው? ስንት ግጥም በፈገግታ ተሰርዞ ቀርቷል? ደርግ የሰረዘውን የሚያስታውስ ሰው አለ። ስፖንሰር የሰረዘውን ግን የጻፈው ሰው ራሱ ሊረሳው ይፈልጋል።

አንዳንድ ምሁራን ደግሞ ከወዲያ ማዶ ሆነው ይስቁብናል። "ማንም እየተነሳ ብር ስላለው ያሳትማል፤ ገበያው በቆሻሻ ግጥም ተጥለቀለቀ፤ አሳታሚ የሌለው ገጣሚ ገጣሚ አይደለም" ይላሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ አልክድም። በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ሁሉ ገጣሚ አይደለም። ሐረግ ቤት ስለመታ ብቻ ግጥም የሚመስለው አለ፤ ከጀርባ ሽፋን ላይ አምስት ጓደኛ ደርድሮ "ዘመን የማይሽረው ብዕር" የሚያስብል አለ። ግን ወንፊቱ የታለ? ድሮ በኩራዝ ጊዜ ቢያንስ ረቂቅ የሚያነብ አርታዒ ነበር፤ ኩራዝ ሲጠፋ ወንፊቱም አብሮ ጠፋ። ዛሬ ያሉት ጥቂት አሳታሚዎች የሚያነፍሱት ግጥሙን አይደለም፤ ስሙን ነው። "ታዋቂ ነህ? ስንት ተከታይ አለህ?" ይሉሃል። ታዋቂ ለመሆን መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ ለማሳተም ታዋቂነት ያስፈልጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

"በራሱ ያሳተመ" ማለት ስድብ ከሆነ ደግሞ የሚሰደቡት ብዙ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በራሳቸው ማተሚያ ቤት፣ በጎሐ ጽባሕ ነበር መጻሕፍታቸውን የሚያሳትሙት። እንግሊዛዊው ዊልያም ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1789 ግጥሙንም ሥዕሉንም በእጁ ቀርጾ በእጁ አተመ። አሜሪካዊው ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 "የሣር ቅጠሎች" የተባለችውን መጽሐፉን በራሱ ወጪ 795 ቅጂ አሳተመ፤ የተወሰነውን ገጽ ፊደሉን የለቀመው እሱ ራሱ ነው። እንዲያውም ሰውየው ስሙን ደብቆ ስለ ራሱ መጽሐፍ የሙገሳ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ እስከማውጣት ደርሷል። የኛዎቹ የጀርባ ሽፋን አሞጋሾች ጀማሪ ናቸው ማለት ነው! ዛሬ ግን የአሜሪካ ግጥም ያለ ዊትማን አይታሰብም።

የማያሳትም ገጣሚ ዕጣስ ምንድን ነው? ገብረ ክርስቶስ ደስታን እዩት። ሐረር ተወልዶ በስደት አሜሪካ የሞተው በ1973 ዓ.ም. ነው። ግጥሞቹ "መንገድ ስጡኝ ሰፊ" ተብለው በመጽሐፍ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት! ያን የመሰለ ባለ ብሩሽና ባለ ብዕር ሰው መጽሐፉን በእጁ ሳይዝ መቃብር ገባ። እንግዲህ አሳታሚ እስኪመጣልን እንጠብቅ የምትሉን፣ የምትሉት ይህን ነው። እኛ ሞተን እናንተ እስክታዝኑልን እንጠብቅ ነው የምትሉን!

ይህ ሁሉ የአማርኛ ጸሐፊ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ጓደኞች አሉኝ፤ ያው ፕሮፎርማ ነው የሚሰጣቸው፤ ያው "አይሄድም" ነው የሚባሉት። ወረቀት ቋንቋ አይለይም። በፖለቲካ አዳራሽ ስለ ቋንቋ ደረት የሚደቃ ሁሉ፣ በዚያ ቋንቋ ከታተመ መጽሐፍ አንዲት ገዝቶ አያውቅም።

አሁን "ምን ይደረግ?" ለምትሉኝ። ልመና አልያዝኩም፤ ሒሳብ ነው የያዝኩት።

አንደኛ፤ በየከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በየትምህርት ቤቱም አለ። መደርደሪያቸውን ሄዳችሁ እዩ፤ ከዓመታት በፊት በዕርዳታ የመጣ፣ ማንም ያልገለጠው የውጭ መጽሐፍ ነው የሚበዛው። 100 ከተሞች አንድን አዲስ መጽሐፍ አምስት አምስት ቅጂ ቢገዙ 500 ቅጂ ነው። የሕትመቴ ግማሽ! ለአንድ ከተማ ወጪው 1,250 ብር ነው። ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የታሸገ ውኃ ዋጋ አይበልጥም። ይህ ቅዠት አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከአገሯ አዳዲስ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ ግጥምንም ጨምሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ በመንግሥት ገንዘብ እየገዛች ለቤተ መጻሕፍቷ ታድላለች። እኛ የነሱ ነዳጅ የለንም፤ 1,250 ብር ግን አለን። ብቻ የሚገዛው ግጥሙን "ሚዛናዊ አድርግ" ሳይል ይግዛ። መራጩ ሹም አይሁን፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና መምህር ይሁን።

ሁለተኛ፤ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከተቋቋመ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንጋፋ ነው፤ እናከብረዋለን። ግን ማኅበር ማለት በዓል ማክበር ብቻ ነው እንዴ? ዐሥር ደራሲ በአንድ ላይ ወረቀት ቢገዛ ዋጋው ይቀንሳል። ዐሥር ደራሲ በአንድ ድምፅ "40 በመቶ አንሰጥም" ቢል አከፋፋዩ ይደራደራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! ለየብቻችን ስንሄድ ነው ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር እንደሚቆረጠው የሚቆርጡን።

ሦስተኛ፤ እናንተ አንባቢዎች! አዎ፣ ይህችን ጋዜጣ ገዝታችሁ የምታነቡት። ጓደኛችሁ መጽሐፍ ሲያሳትም "እንኳን ደስ ያለህ፣ አንድ ፈርምልኝ" አትበሉት። "ፈርምልኝ" ማለት በኛ አገር "በነጻ ስጠኝ" ማለት ሆኗል። በምረቃዬ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለስላሳው አለቀ፤ ቆሎው አለቀ፤ መጽሐፉ ግን አላለቀም! የወንድማችሁ ሱቅ ገብታችሁ "አንድ ኪሎ ስኳር ፈርምልኝ" ትላላችሁ? ደግሞ መጽሐፍን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለቁ፣ "ዕውቀት ለሁሉም" እያላችሁ አታጽድቁት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቢኖርም ባይኖርም ግን ዕቁብ በልታችሁ እንደጠፋችሁ ነው የምቆጥረው።

አራተኛ፤ እናንተ ገጣሚዎች። ስፖንሰር አትቀበሉ አልልም፤ ድሃ ነን። ግን ገንዘቡ ሽፋኑ ላይ ይቁም፤ ወደ ውስጥ አይግባ። ፎቶግራፍ ለጥፉ፣ አርማ ለጥፉ፣ ምስጋና ጻፉ። "ይቺን ግጥም አውጣት" ሲሏችሁ ግን ያቺ ግጥም ናት መጽሐፋችሁ፤ የቀሩት አጃቢዎቿ ናቸው። እሷን ሽጣችሁ ያሳተማችሁት 96 ገጽ ወረቀት ነው።

የኔን ጉዳይ ለማወቅ ለምትሹ፤ ከሺው ቅጂ እስከዛሬ የተሸጠው 412 ነው። በእጄ፣ በቦርሳዬ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በባጃጅ፣ በወዳጆቼ በኩል ነው የተሸጠው። 588ቱ ቤቴ በካርቶን ተደርድሮ አለ። ዕዳዬ ገና አላለቀም። ሽማግሌው ግን ገጽ 41 ላይ ቆመዋል፤ ማንም አላወጣቸውም። ከተሸጡት አንዷን የገዙ አንድ የፋብሪካ ጥበቃ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። 250 ብራቸውን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ዋጋ ቀንስ አላሉም፤ ፈርምልኝም አላሉም።

የፈለገ "አይሄድም" ይበል! ልብ ያለው ልብ ይበል።